ምክር የተሰማበትና ያልተሰማበት ሥራ፤ ከሚኒያፖሊስና ከሴንት ፖል ታሪክ

ሚሲሲፒ የተባለው ታላቅ ወንዝ ከሰሜን ተነሥቶ ወደ ደቡብ ባሕር በሚያደርገው ረጅም ጕዞ፣ ገና በመጀመሪያው ክፍል፣ በሚኒሶታ ግዛት ውስጥ በሁለት ከተሞች መካከል ያልፋል፤ አንደኛዪቱ በፏፏቴ ኃይል የዱቄት ወፍጮ ተክላ የበለጸገችው ሚኒያፖሊስ፣ ሁለተኛዪቱም ስሟን ከሐዋርያው ከቅዱስ ጳውሎስ የወሰደችው የግዛቲቱ መዲና ሴንት ፖል ናት። በእነዚህ መንትያ ከተሞች ቤት ሠርቶ፣ ልጅ አሳድጎ፣ ቤተ ክርስቲያን ተክሎ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ቍጥሩ ብዙ ስለ ሆነ፣ በየቀኑ የሚሻገረው ድልድይ፣ የሚሳፈርበት ባቡርና የሚነዳበት አውራ ጎዳና በማን ምክር፣ በማን ገንዘብና በማን ኀዘን እንደ ተሠራ ማወቅ ይገባዋል እላለሁ፤ ታሪኩ በሌላ ሕዝብ ምድር የተፈጸመ ቢሆንም፣ ከእርሱ የሚገኘው ትምህርት ለሀገራችንም ለልጆቻችንም የሚተርፍ ነውና።

አበው «መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ያሉት ስለ ዙፋን ቢሆንም፣ ቃሉ ስለ ድልድይና ስለ መንገድም እውነት ነው። በነዚህ ከተሞች ከ150 ዓመት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ለሕዝብ ጥቅም ተብለው የተሠሩትን ታላላቅ ሥራዎች ከውጥናቸው እስከ ፍጻሜያቸው የመረመረ ሰው፣ የተሰናከለው ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የተሰናከለው የሚያውቅ ሰው ሳይጠየቅ፣ ወይም ተናግሮ ሳይሰማ ቀርቶ እንደ ሆነ፣ የተቃናውም አንዱ በጊዜው ተናግሮ ሌላው በጊዜው ስለ ሰማው እንደ ተቃና ይረዳል። ይህንንም በአራት ሥራዎች ታሪክ ለማስረዳት እሞክራለሁ፤ ወሩና ዓመቱ ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር የተጻፈ መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

የመጀመሪያው ታሪክ ከተሞቹን የወለደው የፏፏቴው ታሪክ ነው። የዳኮታ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ያከብረው የነበረውን ይህን ፏፏቴ በ1680 ያየው ሉዊ ሄኔፒን የተባለ ካቶሊካዊ መነኵሴ በፓዱዋው በቅዱስ አንቶኒ ስም ጠራው፤ በ19ኛው መቶ ዓመትም ነጋዴዎች መጥተው በግራና በቀኙ የእንጨት መሰንጠቂያና የዱቄት ወፍጮ ተከሉበት። የስፍራው ድንጋይ ግን ጠባዩ ልዩ ነበር፤ ውኃው የሚወርድበት የላይኛው ንጣፍ ጠንካራ የኖራ ድንጋይ ሲሆን፣ ከሥሩ ያለው በእጅ ሊፈረፈር የሚችል ለስላሳ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ውኃው የታችኛውን እየቦረቦረ ሲጨርሰው የላይኛው ደጋፊ አጥቶ ይናዳል፤ በዚህም ምክንያት ፏፏቴው ከዘመን ወደ ዘመን ወደ ወንዙ መምጫ እየሸሸ ይሄድ ነበር፤ ይህንንም በዳሩ የሚሠራ ሁሉ በዓይኑ ያየው ነበር።

ይህ ሁሉ እየታወቀ፣ ዊልያም ኢስትማን የተባለ ባለንብረት ከባልንጀሮቹ ጋር በኒኮሌት ደሴት ላይ ላሰበው ፋብሪካ የውኃ ኃይል ለማግኘት ፈልጎ፣ ከውኃ ኃይል ኩባንያው ጋር ከተካሰሰ በኋላ በስምምነት ፈቃድ አግኝቶ፣ በ1868 ከኖራ ድንጋዩ በታች፣ በዚያው በለስላሳው ድንጋይ ውስጥ፣ ዋሻ ማስቈፈር ጀመረ። ሙግቱ የመብት ሙግት ነበረ፤ የወንዙ ወለል ቍፋሮውን ይችለው እንደ ሆነ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ጥያቄ ነበረ። ኦክቶበር 5 ቀን 1869 ወንዙ ራሱ መልሱን ሰጠ፤ ውኃው ወለሉን ሰብሮ ወደ ዋሻው ገባ፤ ለስላሳውንም ድንጋይ እየጠረገ በታችኛው በኩል በኃይል ይወጣ ጀመር። የከተማው ሕዝብ መጥረቢያና አካፋ ይዞ ወጣ፤ ግንድ ለግንድ እያሰረ ታላላቅ ታንኳ መሰል ርብራብ ሠርቶ ወደ ሽንቍሩ እየሰደደ፣ በላዩም ድንጋይና አፈር እየጫነ ሊደፍነው ደከመ፤ ውኃው ግን የተሰጠውን ሁሉ እየዋጠ በሌላ በኩል ይከፍት ነበር። ስፍራው የዳነው የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ከ1874 እስከ 1876 ደክመው፣ ከኖራ ድንጋዩ ሥር ወንዙን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ፣ ወደ 560 ሜትር የሚረዝምና ወደ 12 ሜትር ጥልቀት የሚወርድ የኮንክሪት ግድግዳ ከሠሩ በኋላ ነው። ጥቂት ሰዎች ለራሳቸው ጥቅም በጥድፊያ የጀመሩት ቍፋሮ የሕዝብ ዕዳ ሆኖ ቀረ፤ ዛሬም በዚያ በፏፏቴው አጠገብ የሚቆም ጐብኚ የማያየው ያ የተሰወረ ግድግዳ ፏፏቴውን ተሸክሞ ይገኛል።

ሁለተኛው ታሪክ ከወንዙ ወደ ጎዳናው ያመጣናል፤ ከመጀመሪያውም ይልቅ ያሳዝናል፤ በዚህኛው መካሪ ነበረና። በ1956 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የፈረሙት የአውራ ጎዳና ሕግ ከወጪው ከመቶ 90 የሚሆነው ከፌዴራል መንግሥት ግምጃ ቤት እንዲከፈል ስላደረገ፣ ከተሞች ሁሉ ሰፋፊ የመኪና መንገድ ለመዘርጋት ተሽቀዳደሙ። ሚኒያፖሊስንና ሴንት ፖልን የሚያገናኘው ኢንተርስቴት 94 የተባለው መንገድ በየት ይለፍ በሚለው ክርክር፣ ጆርጅ ሄሮልድ የተባሉት የሴንት ፖል የፕላን መሐንዲስ አስቀድመው ድምፃቸውን አሰምተው ነበር፤ መንገዱ በሰሜን በኩል በባቡር ሐዲዱ ዳር ቢያልፍ ብዙ የሰው መኖሪያ እንደማያፈርስ፣ በመካከል ቢያልፍ ግን ሰፈሮችን እንደሚሰነጥቅ አስረዱ። ምክራቸው አልተወሰደም፤ መንገዱም የሴንት ፖል ጥቁር አሜሪካውያን ተሰባስበው በሚኖሩበት በሮንዶ ሰፈር መካከል እንዲያልፍ ተቈረጠ።

ሮንዶ የራሱ አብያተ ክርስቲያናት፣ የራሱ ፀጕር አስተካካዮች፣ የራሱ ሱቆችና የመሰብሰቢያ አዳራሾች የነበሩት፣ በባቡር አስተናጋጅነትና በልዩ ልዩ ሙያ የሚያድሩ ሰዎች ቤት ገዝተው ልጆቻቸውን ያስተማሩበት ሰፈር ነበር። በሴፕቴምበር 1956 አንድ አረጋዊ ሰባኪ ቤቴን አልለቅም ባሉ ጊዜ ፖሊሶች መጥረቢያና መዶሻ ይዘው መጥተው አስለቀቋቸው፤ የእርሳቸው ቤት ከብዙዎቹ አንዱ ነው። ወደ 600 የሚጠጉ ጥቁር ቤተሰቦች ቤታቸውን አጡ፤ ይህም ከሴንት ፖል ጥቁር ነዋሪዎች ከ8 አንዱ ማለት ነው። ካሳ ቢከፈላቸውም፣ በዚያ ዘመን የነበረው የዘር አድልዎ በሌላ ሰፈር ቤት እንዳይገዙና እንዳይከራዩ ስለሚከለክላቸው፣ የተቀበሉት ገንዘብ የተነጠቁትን ሊተካ አልቻለም። ቀሲስ ፍሎይድ ማሲና ቲሞቲ ሃዋርድ የተባሉት የሰፈሩ መሪዎች መንገዱን ለማስቀየር ባይሆንላቸውም፣ ከፍ ባለ ግንብ ላይ ከሚሠራ ይልቅ ከመሬት ዝቅ ብሎ እንዲቈፈር ተከራክረው አስፈጸሙ፤ ዛሬ በዚያ መንገድ የሚነዳ ሰው የጎን ጎዳናዎች ከራሱ በላይ በድልድይ ሲያልፉ የሚያየው በነዚያ ሰዎች ድካም ነው። መንገዱ በ1968 ተከፈተ። ከ47 ዓመት በኋላ፣ በ2015፣ የሴንት ፖል ከንቲባ ክሪስ ኮልማንና የግዛቲቱ የመጓጓዣ ኮሚሽነር ቻርሊ ዜሊ በሰፈሩ ዓመታዊ በዓል ተገኝተው ሕዝቡን በአደባባይ ይቅርታ ጠየቁ። ይቅርታው መልካም ነው፤ የፈረሰውን ቤት ግን አይሠራም፤ የሄሮልድም ምክር በወጣበት ጊዜ ቢሰማ ኖሮ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር ባልተገኘ ነበር።

ሦስተኛው ታሪክ የኢንተርስቴት 35 ምዕራብ ድልድይ ታሪክ ነው፤ በዚህኛው የተናገረው ሰው ሳይሆን ብረቱ ራሱ ነበር። በ1967 የተከፈተው ይህ የብረት ድልድይ ከፏፏቴው ጥቂት ዝቅ ብሎ ሚሲሲፒን ይሻገር ነበር፤ በቀን ወደ 140,000 መኪናም ይመላለስበት ነበር። ኦገስት 1 ቀን 2007፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ላይ፣ ሠራተኛው ወደ ቤቱ በሚመለስበት ሰዓት፣ ድልድዩ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ከነተሸከመው ሁሉ ወደ ወንዙ ወረደ፤ 13 ሰዎች ሞቱ፤ 145 ሰዎች ቈሰሉ። በወንጌል የሰሊሆም ግንብ ወድቆ ስለ ገደላቸው ሰዎች ጌታ ሲናገር፣ ከሌሎቹ የባሱ በደለኞች እንዳልነበሩ እንዳስተማረ ሁሉ፣ በዚያ ምሽት በድልድዩ ላይ የተገኙትም ምንም በደል አልነበረባቸውም፤ የመንግሥታቸውን ሥራ አምነው የተሻገሩ ሰዎች ነበሩ።

የሀገሪቱ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ከዓመት በላይ መርምሮ በኖቬምበር 2008 ያወጣው ውሳኔ ሊነበብና ሊታሰብ የሚገባው ነው። በብረት ድልድይ ላይ ዘንጎቹ በሚገናኙበት ቦታ ሁሉ በግራና በቀኝ ተደርቦ በችንካር የሚያያዝ ላሜራ አለ፤ የድልድዩ ክብደት ከዘንግ ወደ ዘንግ የሚተላለፈው በዚያ ላሜራ በኩል ነው። በዚህ ድልድይ አንዳንዶቹ ላሜራዎች ውፍረታቸው ግማሽ ኢንች ብቻ ነበረ፤ በስሌቱ መሠረት ግን እጥፍ መሆን ነበረባቸው። ጉድለቱ የተፈጠረው በ1960ዎቹ በንድፍ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ በኋላም ድልድዩ በታደሰ ቍጥር የተጨመረው ኮንክሪት ክብደቱን አበዛው፤ በወደቀበትም ቀን ለጥገና ተብሎ የተከመረ አሸዋ፣ ጠጠርና መሣሪያ ከደካማው መገጣጠሚያ አጠገብ ተጭኖበት ነበር። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ይህ ነው፤ ድልድዩ ከ1990 ጀምሮ ጕድለት ካለባቸው ድልድዮች ተራ ተመዝግቦ በየጊዜው ይመረመር የነበረ ሲሆን፣ በ1999 እና በ2003 በተነሡ ፎቶግራፎች ላይ እነዚያ ላሜራዎች ጎብጠው ይታዩ ነበር። መርማሪው ዝገትንና ስንጥቅን ይፈልግ ስለ ነበር፣ የጎበጠውን ላሜራ አይቶ የድልድዩን ስሌት እንደ ገና ይመርመርልኝ ያለ አልተገኘም። ማስረጃው በመዝገብ ቤት ተቀምጦ ሳለ አንባቢ አጣ።

ከአደጋው በኋላ የተደረገው ግን ለምስጋና የሚበቃ ነው። የግዛቲቱ የመጓጓዣ መሥሪያ ቤት አዲሱን ድልድይ ለጨረታ ሲያወጣ ዋጋን ብቻ ሳይሆን የሥራ ጥራትን፣ ደኅንነትንና ከሕዝብ ጋር የሚደረገውን ምክክር አብሮ መዘነ፤ ፍላታይረን እና ማንሰን የተባሉት ኩባንያዎች በኅብረት ያቀረቡት ሐሳብ ዋጋው ከሁሉ ከፍ ያለ፣ ቀኑም ከሁሉ የረዘመ ሆኖ ሳለ፣ በጥራቱ ልቆ አሸነፈ። ውሳኔው ፍርድ ቤት ድረስ ቢያካስስም ጸና፤ በ234 ሚሊዮን ዶላር ውል የተጀመረው የኮንክሪት ድልድይም ከተቀጠረለት ቀን ከሦስት ወር በላይ ቀድሞ ሴፕቴምበር 18 ቀን 2008 ተከፈተ። በውስጡ ከ300 በላይ የሚሆኑ የመለኪያ መሣሪያዎች ተቀብረውበት መርገብገቡንና መለጠጡን ለመሐንዲሶች ያስታውቃሉ፤ የቀድሞው ብረት በላሜራው መጕበጥ ብቻ ይናገር የነበረውን አዲሱ በየሰዓቱ እንዲናገር ተደርጓል ማለት ነው። በፌብሩዋሪ 2008 መጨረሻም የግዛቲቱ ምክር ቤት የገዥውን ተቃውሞ በድምፅ ብልጫ ሽሮ፣ የነዳጅ ቀረጥ ጨምሮ፣ ለመንገድና ለድልድይ ጥገና ገንዘብ መደበ። ጥገና ከግንባታ ይልቅ ስም የማያስጠራ ሥራ ስለ ሆነ ባለሥልጣን ሁሉ ቶሎ አይመርጠውም፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ብሂል እያወቅነው ሥራ ላይ የምናውለው ከቃጠሎው በኋላ ነውና።

አራተኛው ታሪክ ምክር የተሰማበት ነው። ሁለቱን ከተሞች በዩኒቨርሲቲ ጎዳና ላይ የሚያገናኘው የኤሌክትሪክ ትራም ገና በ1890 ተዘርግቶ ነበር፤ ቶማስ ሎውሪ የተባለው ባለሀብት ያስፋፋው የትራም ድርጅት በከተሞቹ ዙሪያ ከ500 ማይል በላይ ሐዲድ ዘርግቶ ትውልድን ካጓጓዘ በኋላ፣ ሐዲዱ ተነቅሎ በአውቶቡስ ተተካ፤ የመጨረሻውም ትራም በጁን 1954 ቆመ። ግማሽ ምዕት ዓመት ካለፈ በኋላ በዚያው በዩኒቨርሲቲ ጎዳና ላይ 957 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት፣ 11 ማይል ርዝመት ያለው ቀላል ባቡር እንደ ገና እንዲሠራ ታቀደ። አያቶች የተከሉትን አባቶች ነቅለው የልጅ ልጆች በብዙ ወጪ ሲመልሱት ማየት፣ አንድ ሥራ ከመፍረሱ በፊት ስንት ጊዜ መመከር እንዳለበት የሚያስተምር ነው።

በዚህ ዕቅድ የዩኒቨርሲቲ ጎዳና ምሥራቃዊ ክፍል፣ ማለት ከሮንዶ የተረፉት ሰዎችና ከእስያና ከአፍሪካ የመጡ ስደተኞች የሚኖሩበት ድኻ ሰፈር፣ ፌርማታዎቹ በአንድ ማይል ርቀት እንዲተከሉለት ተወስኖ ነበር፤ በሃምሊን፣ በቪክቶሪያና በዌስተርን ጎዳናዎች ላይ ባቡሩ ሳይቆም ያልፋል ማለት ነው። ምክንያቱ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚሰጥበት ስሌት ነበረ፤ ስሌቱ ተሳፋሪው የሚያተርፈውን ጊዜ ከወጪው ጋር እያነጻጸረ ስለሚፈርድ፣ አንድ ፌርማታ በተጨመረ ቍጥር ወጪው ይጨምራል፤ ባቡሩም ይዘገያል፤ ዕቅዱም ከገንዘቡ ውጭ ሊሆን ይችላል። በጃንዋሪ ወር ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚወርድበት በዚያ ከተማ፣ መኪና የሌላት እናት በአንድ እጇ ሕፃን፣ በሌላው የገበያ ከረጢት ይዛ በበረዶ ላይ ግማሽ ማይል ስትሄድ የምትከፍለው ዋጋ ግን በዚያ ስሌት ውስጥ አልገባም ነበር። የሰፈሩ ማኅበራትና አብያተ ክርስቲያናት ተባብረው፣ የአያቶቻችን ቤት ለሌሎች መንገድ ፈርሷል፤ አሁን ደግሞ ባቡሩ በደጃችን ሳይቆም አይለፍ ብለው ከከተማው እስከ ዋሽንግተን ድረስ ተከራከሩ። በጃንዋሪ 2010 የፌዴራሉ የመጓጓዣ ሚኒስትር ሬይ ላሁድ ያ ስሌት ብቻውን ፈራጅ መሆኑ እንዲቀር ወሰኑ፤ ሦስቱም ፌርማታዎች ተጨመሩ።

በግንባታው ዘመንም ነጋዴው ተቸግሮ ነበር፤ መንገዱ ተቈፍሮ፣ የመኪና ማቆሚያው አብዛኛው ጠፍቶ፣ ደንበኛ ርቆት ነበርና። በ2011 አንድ የፌዴራል ዳኛ የተጽዕኖ ጥናቱ ነጋዴው በግንባታው ጊዜ የሚያጣውን ገቢ በሚገባ አልመረመረም ሲል ፈረደ፤ ሥራውን ግን አላስቆመም፤ ለትናንሽ ሱቆችም የብድር እርዳታ ተዘጋጀ። ባቡሩ ጁን 14 ቀን 2014 ሥራ ጀመረ። ዛሬ ከሃምሊን ተሳፍሮ የሀገራችን ምግብ ቤቶች ወዳሉበት ወደ ስኔሊንግ ጎዳና የሚሄድ ኢትዮጵያዊ፣ ወይም ወደ ሥራው የሚሄድ ሽማግሌ፣ ፌርማታው በሰፈር ሰዎች ክርክር የተገኘ መሆኑን ቢያውቅ መልካም ነው።

ከዚህ በኋላ ከተሞቹ ጥበብን ጠግበዋል ማለት አይደለም። ያንኑ የባቡር መሥመር ወደ ደቡብ ምዕራብ ለማራዘም የተጀመረው ግንባታ፣ 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይበቃዋል ተብሎ ሳለ ወደ 2.9 ቢሊዮን ተጠጋ፤ በጠባቡ የኬኒልዎርዝ መተላለፊያ ከመኖሪያ ሕንፃ አጠገብ የሚቈፈረው ዋሻ ከታሰበው በላይ አስቸገረ፤ የግዛቲቱ ምክር ቤት ኦዲተርም ሥራውን የሚመራው አካል የወጪውን መጨመርና የጊዜውን መዘግየት ለሕዝብ በግልጥ አላሳወቀም ሲል ወቀሰ። የእኛም ሀገር ከዚህ የምትማረው አላት፤ በአዲስ አበባ በሴፕቴምበር 2015 የተከፈተው ቀላል ባቡር ለከተማችን ታላቅ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ከ41ዱ ባቡሮች አብዛኞቹ በመለዋወጫ ዕቃ እጦት ቆመው፣ ሕዝቡ በፌርማታ ረጅም ሰልፍ ሲጠብቅ ታይቷል፤ ባቡሩን የገዛው ውል ምን ያህል ጊዜ እንደ ታሰበበት፣ መለዋወጫውም ያን ያህል ታስቦበት ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

እንግዲህ ከአራቱ ታሪክ የሚገኘው ምክር ይህ ነው። ግንብ ሊሠራ የወደደ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቈጥር ወንጌል ያዛል፤ እኛ ግን ወጪ ስንል ሲሚንቶውንና ፌሮውን ብቻ እንቈጥራለን፤ የሚፈርሰውን ቤት፣ በብርድ የሚሄደውን እግረኛ፣ ሱቁ የሚዘጋበትን ነጋዴና ሥራው ካለቀ በኋላ ለ50 ዓመት የሚጠግነውን ሠራተኛ ሳንቈጥር እንጀምራለን። ደግሞም ማስጠንቀቂያ ሲሰጥ የሚጻፍበት መዝገብ ብቻ ሳይሆን፣ አንብቦ መልስ እንዲሰጥ በስሙ የሚጠየቅ ሰው ያስፈልጋል፤ የጎበጠው ላሜራ ፎቶግራፍ ነበረው፤ ኃላፊ አልነበረውም።

በመንትያ ከተሞች የሚኖር ወገናችን ይህን እንደ ሩቅ ነገር ባያየው እወዳለሁ። አዲስ መንገድ ወይም አዲስ ባቡር ሊሠራ ሲታሰብ የሰፈሩ ሕዝብ ይጠራል፤ ስብሰባው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሥራ ምሽት ይውልና ከእኛ ወገን የሚገኘው ጥቂት ይሆናል። በጉባኤው ያልተገኘ ሰው በድልድዩ ላይ መገኘቱ አይቀርም። ስለዚህ የአጥቢያ ሽማግሌዎች፣ የእድር ዳኞችና የማኅበር መሪዎች ስለ ሠርግና ስለ ልቅሶ እንደሚያስታውቁ፣ የከተማው ምክክር የሚደረግበትን ቀን ለሕዝባቸው ያስታውቁ፤ እንግሊዝኛ የማይቀናቸው እናቶችና አባቶች አስተርጓሚ እንዲመደብላቸው አስቀድመው ይጠይቁላቸው፤ በሙያው የተማሩ ልጆቻችንም ፕላኑን አንብበው በአማርኛ ያስረዷቸው። የሮንዶ ልጆች ሦስት ፌርማታ ያገኙት በዚህ መንገድ ነው።